የዓሊ ቢራን ስም እናውቃለን፤ ግጥሙን ግን አላነበብንም

ለድሬዳዋ አስተዳደር ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
እንዲሁም ለከተማችን ሕዝብ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ለዘፈን ግጥምና ዜማ ደራሲያን የክብር አዳራሽ እንዲቋቋም፣ በመዝገቡም መጀመሪያ የዓሊ ቢራ ስም እንዲሰፍር ስለመጠየቅ

ይህን የምጽፍላችሁ በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች 31 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህርት ነኝ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ግጥም በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩ ፈጣሪ ይወቀው። ስንኝ አስቆጥሬአለሁ፣ ቤት አስመትቻለሁ፣ ሰሙን ከወርቁ አስለይቻለሁ። ጎጃም የተወለደውን ባለቅኔ፣ ሸዋ ያደገውን ደራሲ ተማሪዎቼ በቃላቸው እንዲይዙ አድርጌአለሁ። እዚሁ ድሬዳዋ ተወልዶ እዚሁ አፈር የለበሰው ሰው የደረሰውን ስንኝ ግን አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም። ዘፈኖቹን ሳላውቃቸው ቀርቼ አይደለም። በየሰርጉ ጨፍሬባቸዋለሁ፤ ልጆቼን አስተኝቼባቸዋለሁ። ዜማውን ይዤ፣ ቃሉን ትቼ ነው የኖርኩት። ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ይህ ጸጸት ነው።

የምጽፈው ሁላችንም ዓሊ ቢራ ስለምንለው ስለ ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው። ድምፁ የተመሰገነለት፣ ደራሲነቱ ግን በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ሳይታይ የቀረ ሰው ነው እላለሁ። የክብር አዳራሽ ይገባዋል ወይ ቢባል መልሴ ይገባዋል ነው፤ የሚገባው ግን በዘፋኝነቱ ብቻ ሳይሆን በደራሲነቱ ጭምር ነው። የደብዳቤዬ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ከስሙ ልጀምር። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደግሁት ከዚራ በተባለው ሰፈር ነው። ልጅ ሳለሁ "ቢራ" ሲባል የምሰማው በጠርሙስ የሚሸጠውን ነበር። የቤታችን ሰዎችም እንደዚያው ይመስላቸው ነበር፤ ለዘፋኝ የወጣ የጨዋታ ስም አድርገን ወስደነው ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን "አዴ" እያልን የምንጠራቸው ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤታችን ይህን ሰምተው ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። "ልጄ፣ የሚጠጣው አይደለም" አሉኝ። "ክረምቱ ወጥቶ፣ ደመናው ተገፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ ምድር ሲያብብ ያለው ወቅት ነው። ልጁ መጀመሪያ የዘፈነው ‘ብራ ዳ በሪኤ’ የሚል ነበር። ብራ ሆነ፣ ነጋ ማለት ነው። ስሙ ከዚያ መጣ።"

ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም። ቃሉ የእኔም ቋንቋ ቃል ነበርና። እኛም ክረምት ሲወጣ "ሰማዩ ብራ ሆነ" እንል የለም? አንዲት ፊደል "ብ" መሆኗ ቀርታ "ቢ" ስለሆነች የጎረቤቴን ልጅ ስም የመጠጥ ስም አድርጌ ኖሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ስሙን ስሰማ ፊቴ ላይ የሚመጣው መስከረም ነው። ስሙ ራሱ ሳይተረጎምልን የቀረ ሰው ግጥሙ እንዴት ይተረጎምልን?

ዓሊ በ1939 ዓ.ም. ተወለደ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ እናትና አባቱ ተለያዩ፤ ከአባቱ ጋር አደገ። ዓረብኛን የተማረው በዚሁ ከተማ በነበረ የዓረቦች ትምህርት ቤት ነው። የተቀረውን መንደሩ አስተማረው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሐዲዱን ይዞ እዚህ ሲደርስ ከጅቡቲ በኩል ያመጣው ጨውና ጨርቅ ብቻ አልነበረም። ዑድ መጣ፣ ሸክላ መጣ፣ ኋላም የካይሮን፣ የኤደንንና የካርቱምን ዘፈን የሚያሰማው ሬዲዮ መጣ። የድሬዳዋ ልጅ ከቤት ኦሮምኛ ተናግሮ፣ ሱቅ በሶማልኛ ገዝቶ፣ መስጊድ ቁርኣን በዓረብኛ ቀርቶ፣ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ያመለክታል። ሐረር የወጣ እንደሆነ ደግሞ ሐረሪኛ ይሰማል። ዓሊ በኋላ በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ዘፈነ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ልዩ ተሰጥዖ ያነሳዋል። እኔ ግን ከተማችን በአንድ ሰው አፍ የተናገረች ሆኖ ነው የሚሰማኝ።

በ13 ዓመቱ "አፍረን ቀሎ" ወደተባለው የወጣቶች የባህል ቡድን ገባ። ስሙ "አራቱ ቀሎዎች" ማለት ነው፤ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌና ዳጋ የተባሉትን የምሥራቅ ሐረርጌ ጎሳዎች ያመለክታል። ቡድኑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ኦሮምኛ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም ስፍራ ባልነበረው ዘመን ነው። ያለ ሹም ፈቃድ፣ ያለ ደመወዝ፣ ከየቤታቸው ባመጡት መሣሪያ ሰርግ ላይና በበዓል ቀን በቋንቋቸው የዘፈኑ ልጆች ነበሩ። የንጉሡ መንግሥት ቡድኑን አገደው። ዘፈን ነው ብሎ ያልናቀው መንግሥት ነበር ማለት ነው። የቃሉን ኃይል ያወቁት ከልካዮቹ ናቸው፤ እኛ አፍቃሪዎቹ ግን እስከ ዛሬ በዜማው ብቻ ረክተን ተቀምጠናል።

አሁን የነገሩ ሥር ወደሆነው እመጣለሁ፤ አንባቢም ቢሮውም ከሁሉ በላይ ይህን እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ። ኦሮምኛ ዛሬ የሚጻፍበት የቁቤ ፊደል በይፋ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዓሊ ግን መዝፈን ከጀመረ በዚያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። እነዚያን ሁሉ ዓመታት አንድ ወጣት በኦሮምኛ ግጥም ልጻፍ ቢል የሚያሳትምለት ማተሚያ ቤት፣ የሚያነብለት ተማሪ፣ የሚያርምለት መምህር ከየት ያገኛል? በአማርኛ የሚጽፍ እኩያው ጋዜጣ ነበረው፣ መጽሔት ነበረው፣ ግጥሙን በቃል የምታስጠና እንደኔ ያለች አስተማሪ ነበረችው። ለኦሮምኛው ገጣሚ የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ስንኙን ዜማ አልብሶ በሰው ጆሮ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ካሴቱ መጽሐፉ ነበር። የሰርግ ድንኳኑ ቤተ መጻሕፍቱ ነበር። ስለዚህ የዓሊ ቢራንና የባልንጀሮቹን ዘፈን "ሙዚቃ" ብቻ ብለን ስንመዘግብ የአንድ ትልቅ ሕዝብን የሠላሳ ዓመት የግጥም ታሪክ ከመዝገብ እየፋቅን ነው። ኦሮምኛ ለግጥም "ወለሎ" የሚል የራሱ ቃል አለው። ያ ወለሎ በአንድ ወቅት መጠለያው ዘፈን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የሕይወቱን ጉዞ ብዙዎች ስለሚያውቁት በአጭሩ አልፈዋለሁ። አዲስ አበባ ሄደ፤ እነ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ስማቸውን በተከሉበት በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ሥራ በኦሮምኛ የመጀመሪያው አልበም እንደሆነ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከአገር ወጥቶ ብዙ ዓመት በውጭ ኖረ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አረፈ፤ እኛም ወደ ከተማው ተቀብለን ቀበርነው።

የቀብሩን ዕለት ከሕዝቡ መካከል ነበርኩ። አጠገቤ የነበሩ ወጣቶች ዘፈኖቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል ይሏቸዋል። እኔና ከእኔ ጋር የመጡት የድሮ ባልደረቦቼ እያለቀስን ዜማውን ብቻ እናንጎራጉራለን። በአንድ ሰልፍ ቆመን፣ ለአንድ ሰው እያለቀስን፣ እነርሱ ግጥም ነበራቸው፤ እኛ አልነበረንም። ወደ ቤቴ ስመለስ ያሳሰበኝ ሞቱ ብቻ አልነበረም።

"ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ክብር ይፈለጋል?" የሚሉኝ አሉ። ዶክትሬት ተሰጥቶታል፣ ሕዝብ ወጥቶ ቀብሮታል፣ የት ላይ ነው የተዘነጋው? ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ የሚከተለው ነው። እኛ አገር ክብር የሚሰጠው ለሚታየው ሰው ነው። በካሴቱ ልባስ ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ "ግጥም"፣ "ዜማ"፣ "ቅንብር" የሚሉት ቃላት ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ይሰፍራሉ፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይሰፍሩም። ዘፋኙና ደራሲው አንድ ሰው በሆነ ጊዜ ደግሞ ዘፋኙ ደራሲውን ይውጠዋል። ዓሊ ላይ የሆነው ይህ ነው። ድምፁ በጣም ስለጣፈጠን ምን እንደሚለን አልጠየቅነውም።

ሌላው ዓለም ይህን ለይቶ ካወቀው ቆይቷል። በአሜሪካ ለዘፋኞች ሳይሆን ለዘፈን ደራሲያን ብቻ የቆመ የክብር አዳራሽ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለቦብ ዲላን ሲሰጥ ዘፈን ሥነ ጽሑፍ ነው ወይ የሚለው ክርክር በዓለም አደባባይ ተነሥቶ ነበር። እኔ በክርክሩ አልተደናገርኩም፤ ያሬድን ያፈራ አገር፣ ቅኔን በዜማ የሚቀኝ አገር ይህን ጥያቄ ከፈረንጅ ሊማር አይገባውም። በእኛም ዘንድ መዘግየቱን የሚያሳይ ነገር ላንሳ። ፈረንሳያዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው "ኢትዮፒክስ" የተባለው ተከታታይ የሸክላ ስብስብ የአገራችንን ሙዚቃ ለዓለም አስተዋውቋል፤ ለዚህም ባለውለታችን ነው። በዚያ ስብስብ ለዓሊ ቢራ የተሰጠው ቅጽ 28ኛው ነው። ስለ "ወርቃማው ዘመን" በአማርኛ ስንጽፍና ስናወራም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች አንድ በአንድ ቆጥረን ስናበቃ በመጨረሻ "ከምሥራቅ ደግሞ ዓሊ ቢራ" ብለን እንዘጋለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ የነገረኝም ዓሊን የሚወድ ሰው ነው። "ከዘፈነው ግጥም ሁሉ የእርሱ ያልሆነም አለ፤ ሌሎችም ሰጥተውታል። ሁሉን ለእርሱ ብትጽፊለት የሌላውን መቀማት አይሆንም?" አለኝ። እውነት ነው። የምጠይቀው አዳራሽ አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የትኛው ስንኝ የማን እንደሆነ፣ ዜማው ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ከሕዝብ ቃል እንደተወሰደ የሚያውቁ የአፍረን ቀሎ ዘመን ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። እንደ ዓሊ ሸቦ ያሉ ስማቸው ከአፍረን ቀሎ ጋር የተያያዘ ሰዎች በአማርኛ ተጽፈው ያነበብኩት ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። ዓሊ ቢራ መጀመሪያ ይጻፍ የምለው ሌላው እንዲረሳ አይደለም። የእርሱን ስም የከፈተ ሰው ከጎኑ የቆሙትን ሳያገኝ አይወጣም። ግጥም ሰጥቶት ስሙ ያልተነሣ ሰው ቢኖር፣ በዓሊ ገጽ ላይ ስሙ በዚያው መጠን ባለው ፊደል ይጻፍ።

ሦስተኛው "ኦሮምኛ የዘፈነውን ኦሮሞ ያክብረው፤ አንቺ ምን አገባሽ?" የሚል ነው። ይህን የሰማሁት ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም። አከብረዋለሁ፣ አልቀበለውም እንጂ። ኦሮሞ አክብሮታል፤ ግጥሙን በልቡ ይዞታል። ዕዳው ያለው በእኛ በኩል ነው። የከተማችን አስተዳደር በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የተቋቋመ፣ የሥራ ቋንቋውም አማርኛ የሆነ አስተዳደር ነው። ቢሮው በአማርኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያቅዳል፣ በአማርኛ ለጎብኚ ያስረዳል። እንግዲያው የከተማዋ ትልቁ ገጣሚ በሥራ ቋንቋዋ አለመነበቡ የቢሮው ጉዳይ ካልሆነ የማን ጉዳይ ይሆናል?

መተርጎም ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከአዴ ጋር ቁጭ ብዬ ሞክሬዋለሁ። እርሳቸው ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ካሴቱን እከፍታለሁ፤ አንድ ስንኝ ሲያልቅ አስቆመዋለሁ፤ እርሳቸው ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። አንዳንዱን ቃል ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስንከራከርበት ውለናል። ለምሳሌ በኦሮምኛ አገር "ቢያ" ነው፤ አፈር ደግሞ "ቢዬ"። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩ ቃላት ናቸው። ይህ እንዴት ወደ አማርኛ ይመጣል ብዬ ስጨነቅ "አገር" እና "አፈር" የሚሉት የእኛ ቃላት እርስ በርስ ቤት እንደሚመቱ ድንገት ተገለጠልኝ። ለአዴ ስነግራቸው ሳቁ። "ድሮስ ከአንድ መሬት አይደል የበቀልነው" አሉኝ። አማርኛ ባስተማርኩባቸው 31 ዓመታት እንዲህ ያለ ትምህርት አግኝቼ አላውቅም። ሁለት ስንኝ አቻችሎ የሚገጥመው የሕዝብ ግጥም፣ ፊተኛው ስለ ወንዝና ስለ ደመና አውርቶ ኋለኛው ልብን የሚናገርበት መንገድ፣ በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ አለ። ተማሪዎቼ ይህን ጎን ለጎን አይተው ቢሆን ኖሮ ሥነ ግጥም እንዴት በወደዱ!

የምቸኩልበት ምክንያትም አለኝ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው አጥተናል። ሰው ባለቀበት ቀን ስለ ዕቃ ማንሣት ነውር ስለሆነ ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ወንዙ ዳር ይኖሩ ከነበሩ ዘመዶቼ ቤት ሁለት ካርቶን ካሴት በውኃ ሄዷል። ከመካከላቸው በሰርግ ቤት የተቀዱ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ነበሩ። ስንት ቤት እንዲህ እንደጠፋ የቆጠረ የለም። የቀረውንም ሙቀታችንና አቧራችን እየበላው ነው፤ የካሴት ክር በድሬዳዋ ሙቀት ብዙ ዓመት አይቆይም። ከእኛ ሩቅ ያልሆነችው ሐርጌሳ ከዚህ የከፋ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1988 ከተማዋ ከአየር ስትደበደብ የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች የዘፈን ክሮችን መሬት ቆፍረው ቀብረው አተረፏቸው። ዛሬ በዚያች ከተማ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴት ተሰብስቦ ለሰሚ ክፍት ሆኗል። ጦርነት ያፈረሳት ከተማ ይህን ካደረገች ለእኛ አቅም አነሰን የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም።

የምለምነው ሐውልት አይደለም። ሐውልትም ይቁም፣ መንገድም በስሙ ይጠራ፤ ደስ ይለኛል። እኔ የምፈልገው ግን ሰው ገብቶ የሚቀመጥበትና የሚያነብበት ክፍል ነው። ከተማዋ ካሏት የቆዩ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ቢቻል በባቡር ጣቢያው አካባቢ፣ አንድ አዳራሽ ይሰጥ። የእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም በኦሮምኛ፣ ከፊት ለፊቱ በአማርኛ፣ ቀጥሎም በሶማልኛና በሐረሪኛ ይቀመጥ። ከጎኑ ማዳመጫ ይኑር፤ ዜማውም በኖታ ይጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠብቅ ሥራው በወራሾቹ ፈቃድና ድርሻቸው ታውቆ እንዲሆን አደራ እላለሁ፤ ለማክበር ብለን መብት እንዳንነካ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራን አሉት፤ ተርጓሚ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። ማን እንደሚመረጥ የሚወስነው ደግሞ የዘፋኙን ዝና የሚመዝን ጉባኤ ሳይሆን ግጥሙን አንብቦ የሚፈርድ ጉባኤ ይሁን። ከዓሊ በኋላ የሐረሪው፣ የሶማሌው፣ የአማራው የዘፈን ደራሲ በዚሁ መመዘኛ ይግባ።

ለከተማዬ ሰውም አንድ ቃል አለኝ። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ከተዘጋ ሱቅ ውስጥ ያለ አሮጌ ካሴት ካላችሁ አትጣሉት። ልባሱ ቢጠፋም፣ ክሩ ቢበጠስም አትጣሉት። ያኔ በሰርጉ ማን እንደዘፈነ፣ ግጥሙን ማን እንደሰጠ የሚያስታውሱ አባትና እናት በቤታችሁ ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸውና ጻፉት።

እኔና አዴ እስከ ዛሬ 17 ዘፈኖች ተርጉመናል። ሦስት ደብተር ሆኗል። ትርጉሙ የተማረ ሰው ቢያየው ብዙ እርማት ይፈልጋል፤ መነሻ ግን ይሆናል። ብራው ሲገባ፣ የመስቀል በዓል ባለፈ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ ደብተሮቹን ይዤ ከቢሮው እቀርባለሁ። አዴም መራመድ ከቻሉ አብረውኝ ይመጣሉ። እባካችሁ ወንበር አዘጋጁላቸው።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የአማርኛ መምህርት
ከዚራ፣ ድሬዳዋ